እማማን «ይቀመጡ» አትበሏቸው

ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የገቡ አረጋዊ ወላጆች ካሏችሁ ይሄን አንብቡት። እኛ ጋ ማክበር ማለት ማስቀመጥ ነው። እማማ መጥረጊያ ሲያነሱ «ኧረ እኔ እያለሁ!» ብለን እንቀማቸዋለን፣ ከዛ ጉልበታቸው ሲደክም እርጅና ነው ብለን እናልፋለን። በጣም ያሳዝነኛል። ቀለል ያለውን ሥራ ተዉላቸው።

«ስፖርት ይሥሩ» ብትሏቸው ሰው ምን ይለኛል ብለው ያፍራሉ። ስለዚህ ከለመዱት ነገር ጀምሩ። ቤተክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲሄዱ ባጃጁን ትታችሁ አብራችኋቸው በእግር ሂዱ። ከጎረቤት እኩዮቻቸውም ጋር አስተዋውቋቸው፤ አዲስ ሰፈር የገባ ሰው የድሮ እድርተኛውና የቡና ጓደኛው ሩቅ ስለሚቀሩ ከቤት የሚያወጣው ምክንያት ያጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት ጀምሮ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በቀን 30 ደቂቃ፣ ለ5 ቀን ማለት ነው። 10 ደቂቃ እያደረጋችሁ ብትከፋፍሉትም ይሆናል። በሳምንት 3 ቀን ደግሞ ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር ነገር ያስፈልጋል፦ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ በአንድ እግር መቆም።

የልብ ሕመም ወይም ደም ግፊት ካለባቸው መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ። ክረምት ላይ ጭቃው ስለሚያንሸራትት ሶሉ የሚይዝ ጫማ ግዙላቸው።