አቡነ ዮሴፍ ላይ ድንኳን ጥሎ ማደር፦ ችግርና መፍትሄ

ወሎ ውስጥ ከላሊበላ በላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ 4,260 ሜትር ከፍታ አለው። ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ተራራው ላይ ድንኳን ጥላችሁ ልታድሩ ከሆነ ቧንቧ፣ መጸዳጃ ቤት፣ መብራትም ሆነ ሱቅ አትጠብቁ። ሌሊት የሚያስቸግረውን ነገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዕቃው ያመካኛል። በእኔ እምነት ግን ዋናው ምክንያት ከፍታውና ድንኳኑ የተተከለበት ቦታ ነው።

ራስ ያማል፣ ምግብ ያስጠላል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል

ምክንያት፦ አየሩ ስስ ነው፤ እናንተ ደግሞ በአንድ ቀን ብዙ ወጥታችኋል። ምች መታኝ ብላችሁ አትለፉት።

መፍትሄ፦ ምልክቱ እያለ ወደ ላይ አትቀጥሉ። እረፉ፣ ውሃ ጠጡ፣ አረቄ ይቅርባችሁ። ካልተሻላችሁ ውረዱ። ሰውየው ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ግን ንጋት አይጠበቅም። በሌሊትም ቢሆን ደግፋችሁ አውርዱት። እባካችሁ ብቻውን እንዳትልኩት።

ጋቢ በጋቢ ላይ ተደርቦም ብርዱ አልለቅ ይላል

ምክንያት፦ ብርዱ የሚገባው ከሥር ነው። መሬቱ የሰውነታችሁን ሙቀት ይስባል። የስሊፒንግ ባጉም (የመኝታ ከረጢቱ) የታችኛው ክፍል በክብደታችሁ ስለሚጨፈለቅ አያሞቅም። ሌላው የቦታ ምርጫ ነው። ለጥ ያለ ጎድጓዳ ሜዳ ዓይን ይማርካል፤ ቀዝቃዛ አየር ግን ከባድ ስለሆነ ሌሊት ወርዶ እዚያው ይጠራቀማል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ማግስት በማለዳ ተነስታችሁ ሣሩን እዩት። ጎድጓዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ጠርዙ ላይ ያለው ጓሳ ደረቅ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

መፍትሄ፦ ድንኳኑን ከጎድጓዳው ከፍ አድርጋችሁ፣ ከነፋስ ከለል ያለ ቦታ ትከሉ። ወፈር ያለ ፎም ያዙ። ከሌለ ከጋቢዎቹ አንዱን ከሥር አንጥፉት። ላብ የነካውን ካልሲና ካናቴራ ሳትቀይሩ አትተኙ።

ዝናብ ሳይጥል ድንኳኑ ውስጡ ይረጥባል

ትንፋሻችሁ ነው። የድንኳኑን መተንፈሻ ክፈቱት። ለሙቀት ብላችሁ ከሰልም ሆነ ምድጃ ፈጽሞ አታስገቡ፤ ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም፣ ግን ይገድላል።

ምስሩ ፈልቶ ፈልቶ አይበስልም

ምክንያት፦ 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳት ብትጨምሩ ውሃው ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

መፍትሄ፦ ምስርና ሩዙን ቤት ተዉት። በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ያዙ። በሶ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ ድርቆሹ ትኩስ መረቅ ሲነካው ወዲያው ይርሳል። ነዳጅም ትቆጥባላችሁ። ምድጃው እምቢ ቢላችሁ እንኳ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ አትቁረጡት፤ እዚያ ከፍታ ላይ ተክል ቶሎ አይተካም።

የምንጩ ውሃ ንጹሕ ይመስላል፣ ሆድ ግን ይታመማል

ከላይ ከብት ይሰማራበታል። ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ አፍሉት። ለመጸዳዳትም ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር ራቁ፣ አንድ ስንዝር ቆፍሩ፣ መልሳችሁ አፈር አልብሱት። ወረቀቱን በፌስታል ይዛችሁ ውረዱ።

ማታ ውሻ ድንኳኑን ይዞራል

የእረኞች ውሻ ምግብ ሸቶት ሊሆን ይችላል። ምግባችሁን ክዳን ባለው ዕቃ ዝጉ፣ ትርፍራፊ አትጣሉ። የራሳችሁን ውሻ ደግሞ ይዛችሁ አትውጡ። ተራራው የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው፤ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ይፈጃል።