ግራና ቀኝ አላኒንን በድንችና በስቴኪኒ እንዴት መሥራት እንደሚቻል

አላኒን ትንሽ አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ ናት። እንደ ግራና ቀኝ እጅ አንዱ የሌላው የመስታወት ግልባጭ የሆነ ሁለት መልክ አላት፤ ወረቀት ላይ ስትሳል ግን ግራዋን ከቀኟ መለየት ያደናግራል። ወረቀቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ሞለኪውሏ አይደለችም። ስለዚህ እርሳሱን አስቀምጣችሁ ማድቤት ግቡ።

ሁለት ትንንሽ ድንች፣ ስምንት ስቴኪኒ፣ ውሃ ውስጥ ያደረ ሽምብራ፣ ካሮት፣ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት አዘጋጁ። ድንቹ መሀል ላይ ያለው ካርቦን ነው። ሽምብራው ሃይድሮጅን፣ ካሮቱ ካርቦክሲል የሚባለው የአሲድ ክፍል፣ ቃሪያው ሜቲል (አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር)፣ ሽንኩርቱ ናይትሮጅን ያለበት አሚኖ ይሁን።

መጀመሪያ ሦስት ስቴኪኒ ከድንቹ ሥር እንደ ጉልቻ ዘርግታችሁ አቁሙት፤ አራተኛውን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ስኩ። በስቴኪኒዎቹ መካከል ያለው ማዕዘን 109.5 ዲግሪ ነው፤ መለኪያ ግን አያስፈልግም። በየትኞቹም ሦስት እግሮች ስታቆሙት መልኩ አንድ ከሆነ ይበቃል። ብዙ ሰው አራቱንም እንደ መስቀል ጠፍጣፋ አድርጎ ይሰካል፤ ያኔ ግራና ቀኝ የሚባል ነገር አይኖርም።

ቀጥሎ ሽምብራውን ከላይ፣ የቀሩትን ከታች ሰክታችሁ በሽምብራው በኩል ቁልቁል ተመልከቱ። ካሮት፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት እያላችሁ ስትቆጥሩ እንደ ሰዓት ዘንግ ከዞረ ኤል-አላኒን (ግራዋን) ሠርታችኋል። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚገነባው በዚህኛው ነው።

ይህን መስታወት ፊት አቁሙና መስታወቱ ውስጥ የምታዩትን በሁለተኛው ድንች ቅዱ፤ ዲ-አላኒን (ቀኟ) ይሆናል። አሁን ሁለቱን ለማመሳሰል ሞክሩ። ሽምብራውን ከሽምብራ፣ ካሮቱን ከካሮት ስታገጥሙ ቃሪያና ሽንኩርቱ ቦታ ይቀያየራሉ። የግራ ጫማ በቀኝ እግር እንደማለት ነው። ዲ-አላኒንም ከንቱ አይደለችም፤ ባክቴሪያዎች የሴላቸውን ግድግዳ ሲሠሩ ይጠቀሙባታል።

ልዩነቱን አፍንጫም ያውቀዋል፦ ካርቮን የሚባለው ሞለኪውል አንዱ መልኩ ናና ናና ሲሸት፣ የመስታወት ግልባጩ የካራዌይ ዘር ይሸታል።

ኬሚስቶች ግራና ቀኝን የሚለዩበትን አር እና ኤስ የሚባለውን ሌላ ስያሜ ለማግኘት ደግሞ ሽምብራውን ከዓይናችሁ አርቁት። ቀሪዎቹን በአቶሚክ ቁጥር (በአቶሙ ውስጥ ባሉ ፕሮቶኖች ብዛት) ከትልቁ ጀምራችሁ አሰልፉ። ሽንኩርቱ በናይትሮጅን (7) ስለሚጀምር ይመራል። ካሮትና ቃሪያ ሁለቱም በካርቦን (6) ይጀምራሉ፤ የካሮቱ ካርቦን ኦክስጅን ስለተሸከመ ይቀድማል። ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቃሪያ ስትሉ ወደ ቀኝ የሚዞር አር፣ ወደ ግራ የሚዞር ኤስ ይባላል። ኤል-አላኒን ወደ ግራ ትዞራለች፤ ስለዚህ ኤስ ናት። ኤል ሁሉ ኤስ ነው ብላችሁ ግን እንዳትሸመድዱ! ሲስቴይን በምትባል ሌላ አሚኖ አሲድ ላይ በቃሪያው ቦታ የሚገባው ክፍል ድኝ (16) ስላለበት ካሮቱን ይቀድማል፤ ኤል-ሲስቴይን በዚህ ምክንያት አር ትባላለች።

ከመበተናችሁ በፊት ከሁለቱም ድንች ቃሪያውን ነቅላችሁ ሽምብራ ተኩበት። ሁለቱም ግላይሲን የምትባል ግራና ቀኝ የሌላት አሚኖ አሲድ ሆኑ። አሁን ደግማችሁ አመሳስሏቸው፤ ልክክ ይላሉ።