የሰሜን ሸዋ ገብስ፦ ከብቅል እስከ ዳግም አረቄ

ሁለት ጊዜ የሚወጣው ዳግም አረቄም የስኮትላንዱ ሲንግል ሞልት ውስኪም (በአንድ ፋብሪካ ከገብስ ብቅል ብቻ የሚወጣው) መነሻቸው የበቀለ ገብስ ነው። ዊልያም ግራንት ከልጆቹ ጋር ግሌንፊዲክ የተባለውን የውስኪ ፋብሪካ ስኮትላንድ ውስጥ ደፍታውን በተባለች ከተማ መገንባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። የመጀመሪያው መጠጥ የወጣው በ1887 የፈረንጆች ገና ዕለት ነበር። እዚያ ሲጠመቅ ከገብስ ብቅል፣ ከውሃና ከእርሾ ሌላ ምንም አይገባም። ሁለት ጊዜ ከወጣ በኋላ በሕጉ መሠረት ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል ይተኛል፤ የሚታሸገውም ከ40 በመቶ በማያንስ አልኮል ነው። የደብረ ብርሃኑ አረቄ ግን ጌሾና ቂጣ አለው፣ በርሜልም አያውቅም። ያም ሆኖ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለዩት ሁለት ነገሮች እዚህም እዚያም አንድ ናቸው፦ ብቅሉ፣ እና ሁለተኛው ሲወጣ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ለይቶ ማስቀረት።

ብቅል

አዲስ የተወቃ ገብስ በደንብ አይበቅልም፤ ሁለት ወር ያህል መክረም አለበት። ከመንከር በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሦስተኛው ቀን ቁጠሩ። 95 ያህሉ ካልበቀለ ያ ገብስ ለቆሎ ወይም ለበሶ ይሁን።

5 ኪሎ ገብስ ታጥቦ ለ24 ሰዓት ይነከራል፤ በመሃሉ ውሃው ሁለት ጊዜ ይቀየራል። ካልተቀየረ ፍሬው ታፍኖ ይሸታል። ከዚያ ውሃው ተንጠፍጥፎ በቅጠል ወይም በእርጥብ ጆንያ ላይ ሦስት ጣት ያህል ውፍረት ኖሮት ይነጠፍና ይሸፈናል። ቆላ ላይ ሦስት ቀን ይበቃዋል። 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን፣ በተለይ ውርጭ በሚወርድበት በጥቅምትና በኅዳር፣ አምስትና ስድስት ቀን ይፈጃል። በቀን ሁለት ጊዜ መገላበጥ የግድ ነው፤ ሥሩ ከተቆላለፈ መሃሉ ይሞቅና ይሻግታል። የሻገተ ብቅል ታጥቦ አይድንም፣ ይጣል።

መድረሱን ለማወቅ አንድ ፍሬ ሰንጥቁ። ገለባው ሥር ያለው ቡቃያ የፍሬውን ርዝመት ሦስት አራተኛ ከያዘ ደርሷል። አረንጓዴው ከወጣ ስኳር ሊሆን የሚገባውን ተክሉ ራሱ በልቶታል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል እንጂ ምጣድ ላይ አይታመስም፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም በኃይለኛ ሙቀት ይሞታል። ስኮቶችም ቢሆኑ በሞቀ አየር ቀስ አድርገው ነው የሚያደርቁት። ከ5 ኪሎው 4 ኪሎ ገደማ ደረቅ ብቅል ይገኛል።

ጥንስስና ድፍድፍ

4 ኪሎ የብቅል ዱቄት፣ 2 ኪሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠልና 12 ሊትር ውሃ በታጠነ ጋን ይጠነሰሳል፤ አፉ ይከደናል። አምስት ቀን፣ በብርድ ወራት ሰባትም ስምንትም ቀን ይቆያል፤ ጋኑን ወደ ምድጃው ማስጠጋት ይረዳል። አረፋ ካወጣ ሕያው ነው። ኮምጣጤ ከሸተተ አየር ገብቶበታል፣ ከዚያ ወዲያ አልኮሉ እየቀነሰ ይሄዳል።

በዚህ ላይ ከ12 ኪሎ የገብስ ወይም የማሽላ ዱቄት የተጋገረ ቂጣ ተፈርፍሮ ይገባል። ቂጣ የሚጋገረው ለጣዕምና ለመልክ ብቻ አይደለም፤ ስታርቹ ካልበሰለ ብቅሉ በደንብ ሊፈታው አይችልም። ትኩስ ቂጣ ግን እርሾውን ይገድላል፣ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። 45 ሊትር ውሃ ጨምራችሁ ከአራት እስከ ስድስት ቀን ተዉት። አረፋው ሲቆም፣ አተላው ሲዘቅጥና ጣፋጭነቱ ሲጠፋ ደርሷል። ገና ጣፋጭ ሳለ የሚያወጣ ሰው አረቄውን ያጣል፣ ድስቱንም ያሳርራል።

የመጀመሪያው ማውጣት

አረቄ የሚለው ቃል መነሻው ዐረብኛ ነው፣ ላብ ማለት ነው፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ጤዛ ሆኖ ሲንጠባጠብ ላየ ስሙ ልክ ነው። ማውጫው ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሞላም፤ ከሞላ ድፍድፉ ገንፍሎ ቱቦው ውስጥ ይገባል። ለብ እስኪል እያማሰላችሁ ከዚያ ክደኑት። ሥሩ ካረረ የጭስ ጣዕሙን ዳግም ማውጣት አያጠፋውም። መጋጠሚያው በሊጥ ወይም በጭቃ ይመረጋል፤ ከመምረጉ በፊት በቱቦው ንፉበት፣ የተደፈነ ቱቦ ማውጫውን ያፈነዳል። መቀበያው ከእሳቱ ይራቅ፣ እንፋሎቱ ነበልባል ይስባል።

የዕቃው ነገር በቀላሉ አይታይ። መዳብ ወይም የማይዝግ ብረት ጥሩ ነው፤ ስኮቶች መዳብን የሙጥኝ ያሉት የድኝ ሽታን ስለሚያስቀር ነው። የመኪና ራዲያተር፣ በእርሳስ የተበየደ ቱቦና የኬሚካል በርሜል መርዝ ናቸው።

እሳቱ ቀስ ያለ ይሁን፣ ጠብታው እንደ ቀጭን ክር ይውረድ። ማቀዝቀዣው ውሃ ለእጅ ሲሞቅ ይቀየራል። ከ15 ሊትር ድፍድፍ ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ተራ አረቄ ይወጣል። ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈ የሙቀት ቁጥር እዚህ አይሠራም፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ ራሱ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የአልኮል መለኪያ ግዙ፤ ሲለካ አረቄው መለኪያው ላይ በተጻፈው ሙቀት መሆን አለበት።

ዳግም

10 ሊትር ተራ አረቄ በታጠበ ማውጫ፣ ከበፊቱ በለሰለሰ እሳት ይወጣል። የመጀመሪያው 150 ሚሊ ሊትር አፍንጫ የሚወጋ ነው፤ ይደፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ንጹሕ የእህል ሽታ ያለው ዋናው ክፍል ነው፣ 5 ሊትር ያህል። ከቱቦው የሚወርደው 45 በመቶ ሲደርስ ወይም የረጠበ ጨርቅ ሽታ ሲጀምረው መቀበያውን ቀይሩ። ስግብግብነት አረቄን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው።

አረቄ ሲቀጣጠል ሰማያዊ ነበልባል ማሳየቱ ሜታኖል የተባለው መርዛማ አልኮል እንደሌለው አያረጋግጥም። ሻጭ ኢንዱስትሪ አልኮል የደባለቀበትን አረቄ ደግሞ ዳግም ማውጣት አያጠራውም።

ዋናው ክፍል በንጹሕ ውሃ ወደ 45 በመቶ ወርዶ በጠርሙስ ይቀመጣል፤ ጠንካራ አልኮል ከፕላስቲክ ጀሪካን ሽታውን ይወስዳል። መቀበያው ከተቀየረ በኋላ የወጣው ጭራ አይደፋም። ግሌንፊዲክም ዘንድ እንደሚደረገው ተጠራቅሞ ከሚቀጥለው ተራ አረቄ ጋር ወደ ማውጫው ይመለሳል።