የሰፈራችሁን መቶ አለቃ ታሪክ እንዴት ትቀዳላችሁ

ጅማ ያደገ ሰው በሰፈሩ "መቶ አለቃ" እየተባሉ የሚጠሩ አንድ አባት አያጣም፣ ጡረታ ከወጡ ስንት ዓመታቸው፣ ማዕረጋቸው ግን ስማቸው ሆኖ ቀርቷል። እያለፉብን ነው ወገን፣ ስልክ ካለህ ቶሎ ቅዳቸው። እኔ ከሰፈራችን መቶ አለቃ ጋር ሦስት ቅዳሜ ተቀምጬ የገባኝን ልንገርህ።

መጀመሪያ ቀኖቹን እወቅ። የሶማሊያ ጦርነት ከሆነ ድሬዳዋ ነሐሴ 1969 ተጠቅታ አልወደቀችም፣ ጅጅጋ ግን መስከረም 1970 ተይዛ የካቲት 1970 ነው የተመለሰችው። መቶ አለቃ የሚመራው መቶ የሚባለው የጦር ክፍል ደግሞ ስሙ ነው እንጂ ሰው መቶ አይሞላም፣ ወደ 30 ነው፣ ሻለቃው ኋላ ሬዲዮ ጋ ሲሆን መቶ አለቃው ከልጆቹ ጋር በሩ ላይ ነው፣ ከተማ ውስጥ ሲዋጉማ እያንዳንዱ በር ላይ።

"ጀግንነትዎን ይንገሩኝ" ብለህ እንዳትጀምር። እኔ ብያቸው "ሁላችንም ነበርን" ብለው ዘጉት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡና እየተፈላ "መንገዱ በየት በኩል ነበር የሚዞረው?" ስላቸው ረከቦቱን ወደራሳቸው ሳብ አርገው ሲኒዎቹን ደረደሩ፣ ይቺ የቆርቆሮ ቤት፣ ይቺ የግንብ አጥር፣ የስኳር ዕቃው መትረየሱ ያለበት ፎቅ። ጣታቸውን በሲኒዎቹ መሀል አስገብተው "እዚህ ጋ መሻገር ነበረብን፣ ልጆቹ እኔን ነው የሚያዩት፣ እኔ ካልተነሳሁ ማንም አይነሳም" አሉ። ከዛ አንዷን ሲኒ ደፏት። አስር አለቃቸው ነው።

እንዲህ ሲሆን ዝም በል፣ ቀጣይ ጥያቄ አትደርድር፣ መቅጃውንም አታጥፋ። የሞቱትን ስም ሌላ ቀን ከነአባታቸው ጠይቅ። ፎቶና የድሮ ወረቀት ካሉ ጀርባቸውንም አንሳ፣ ጽሑፍ አይጠፋም።

ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ አድርገህ አጠገባቸው አስቀምጥ፣ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ከጀመረ ድምፁን ሁሉ ይበላዋል፣ ስለዚህ ጠዋት ይሻላል። የትም ከመለጠፍህ በፊት አስፈቅድ።

የቀዳኸውን መልሰህ አሰማቸው፣ ይሄን እንዳትዘለው። እኔ ሳሰማቸው ያቺ መሻገሪያ ጋ ስንደርስ በእጃቸው አስቆሙኝና "አስር አለቃው ነው ከኔ ቀድሞ የተነሳው፣ እሱን አስተካክል" አሉኝ።