ናፍጣ የሌለበት ሳህን ላይም ባክቴሪያ ሲበቅል

ከጋራዥ ግቢ የተቃጠለ ዘይት የጠጣ አፈር ወስዳችሁ ናፍጣ የሚበላ ባክቴሪያ ለመለየት የምትሞክሩ ካላችሁ፣ ይቺ ለእናንተ ናት።

ቡሽኔል ሃስ አጋር (ማዕድን ጨው ብቻ ያለው፣ በአጋር የረጋ የባክቴሪያ ማብቀያ ሚዲያ) ላይ ናፍጣ ጨምሬ አፈሩን ስዘራ የላብራቶሪ ሳህኑ በኮሎኒ (በባክቴሪያ ክምችት ነጠብጣብ) ሞላ። ደስ ይላል! ግን ናፍጣ ያልነካው ማነጻጸሪያ ሳህንም እኩል ሞልቷል። ሚዲያው ለባክቴሪያ ምግብ የሚሆን ካርቦን የለውም፤ ታዲያ ምን እየበሉ ነው?

ናፍጣ ጨመርኩ፤ አጋሩ ላይ ጠብታ ሠርቶ ቀረ። አፈሩን አቀጠንኩ፤ ኮሎኒው አነሰ እንጂ ልዩነት አልመጣም። አዲስ ሚዲያ አዘጋጀሁ፤ ያው ነው።

ጣጣው አጋሩ ነበር። ተራ አጋር ጥቂት ኦርጋኒክ ቆሻሻ አያጣም፤ ከአፈሩ ጋርም ምግብ ይገባል። በጥቂት የሚኖር ባክቴሪያ ይህ ይበቃዋል።

የሠራልኝ በፈሳሽ መጀመር ነው። 100 ሚሊ ሊትር ቡሽኔል ሃስ፣ 1 ሚሊ ሊትር ናፍጣ፣ 1 ግራም አፈር፤ ሼከር (ፍላስኩን የሚያናውጥ መሣሪያ) ላይ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ። በየሳምንቱ 1 ሚሊ ሊትሩን ወደ አዲስ ፍላስክ ማዛወር፤ የአፈሩ ምግብ እየሳሳ ይሄዳል። ከጥቂት ዝውውር በኋላ የናፍጣው ሽፋን ተበጣጥሶ ውሃው ደፈረሰ። ናፍጣ የሌለው ፍላስክ ጥርት እንዳለ ነው።

ከዚያ ኮሎኒዎቹን በኒውትሪየንት አጋር (ምግብ ባለበት አጋር) ለይቼ በዲሲፒአይፒ (ባክቴሪያ ምግብ ሲበላ ሰማያዊነቱ በሚጠፋ ማቅለሚያ) ፈተንኩ። ሰማያዊው ቀለም ናፍጣ ባለበት ቱቦ ብቻ ከጠፋ፣ የምትፈልጉትን አግኝታችኋል። ሴሎቹን ግን አስቀድማችሁ በጨው ውሃ እጠቡ፤ ከአጋሩ የተረፈ ምግብም ቀለሙን ያጠፋዋል።