ረግረግ ላይ የወፍ መመልከቻ ማማ ስትሠሩ እነዚህን አትሳሳቱ

ቃሉ ወረዳ ላደገ ሰው ማማ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ማሽላው ሲያሽት ልጅ ማማ ላይ ይወጣና ወንጭፍ እየወነጨፈ ወፍ ሲያባርር ይውላል። እኔም አባርሬያለሁ። አሁን ኮምቦልቻ ውስጥ የብረት ሥራ እየሠራሁ የማቆመው ማማ ግን ለተቃራኒው ነው፤ ሰው የሚወጣበት ወፏን ሳያስደነግጥ ሊያያት ነው። ይህን የሚረሳ ሰው ገና ከመነሻው ይሳሳታል።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የገረጋንቲ መንገድ ነው። ወደ ከሚሴ በሚወስደው መስመር አንድ ረግረግ ላይ የብረቱን ሥራ እንድሠራ ተጠራሁ። ስደርስ ከአስፋልቱ እስከ ማማው ቦታ ድረስ ገረጋንቲ ተደፍቶ፣ ተጠቅጥቆ፣ መንገድ ወጥቶለት ነበር። ለምን? ገልባጭ መግባት ስላለበት። ሰዎች፣ የረግረግ ውኃ እንደ ወንዝ በአንድ ቦይ አይሄድም! በሣሩ መሀል ተዘርግቶ፣ ቀስ እያለ ነው የሚያልፈው። መሀሉ ላይ መንገድ ስትደፉበት ግድብ ሠራችሁ ማለት ነው። በጥቅምት ስመለስ ከመንገዱ በላይ ያለው ውኃ ጉልበቴ ይደርስ ነበር፤ ከመንገዱ በታች ያለው መሬት ደግሞ ከመሰንጠቁ የተነሳ ጣቴ ይገባ ነበር። ፊላው ቢጫ ሆኗል። እዚያ ሣር የሚያጭዱ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመው «ልጄ፣ ይኼ ሣር የሚያልፍ ውኃ ነው የሚያበቅለው፤ እናንተ አቆማችሁት» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

መፍትሔ ተብሎ ከመንገዱ ሥር አንድ ቱቦ ተቀበረ። ያ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ተዘርግቶ ይሄድ የነበረው ውኃ አንድ ቀዳዳ ላይ ሲሰበሰብ ጉልበት ያገኛል፣ መሬቱን ይቦረቡራል፣ ቦይ ይከፍታል፣ ቦዩም ረግረጉን ያጠነፍፈዋል። ስለዚህ መኪና አይግባ። እኔ አሁን ሁሉንም ነገር ወርክሾፕ ውስጥ እቆርጣለሁ፣ እበሳለሁ፣ አንዱን ቁራጭ አራት ሰው ሊሸከመው በሚችለው መጠን እሠራለሁ፤ ቦታው ላይ በብሎን ማሰር ብቻ ይቀራል። ጠጠሩንና ሲሚንቶውን አህያ ያደርሰዋል። ለጎብኚው የሚሆነው መሄጃ በእግሮች ላይ የቆመ የእንጨት ድልድይ ነው፤ ውኃው ከሥሩ እንዲያልፍ፣ በሳንቃዎቹ መሀል ብርሃን ወርዶ ሣሩ እንዲያድግ።

ሁለተኛው ስህተት የራሴ ነው። መጀመሪያ በሠራሁት ማማ ላይ ከፍታውን የለካሁት በጥር ነበር። መሬቱ ደርቋል፣ ከብት ይግጥበታል፤ ማንንም ሳልጠይቅ የኮሎኑን (የብረት ምሰሶውን) ፕሌት እዚያው ልክ አሰርኩት። ነሐሴ ላይ ሦስተኛው ደረጃ ውኃ ውስጥ ነበር። ብሎኖቹን በዓመቱ ስፈታቸው ዝገቱ እንደ ቅርፊት ይላጥ ነበር። የቦርከና ወንዝ ደሴ ላይ የዘነበውን ሁሉ ይዞ በኮምቦልቻ አድርጎ ነው ወደ ጨፋ ረግረግ የሚወርደው፤ የሚሞላውም እናንተ የቆማችሁበት ሰማይ ጥርት ብሎ እያለ ሊሆን ይችላል። መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ዳር ከሆነ ደግሞ ውኃው ከፍ ዝቅ የሚለው በዝናቡ ልክ ነው፤ የአንድ ዓመት ልኬት አይበቃም። ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ደረቅ ሣር ፈልጉ፣ ግንድ ላይ ያለውን የጭቃ መስመር እዩ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹን «ውኃው የት ደርሶ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። እነሱ ካሳዩአችሁ ቦታ በላይ ሥሩ።

ዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አራቱን እግር እኩል አያነሳቸውም፤ ማማው የሚያዘመውም ለዚህ ነው። አፈሩን ሳታስመረምሩ ኮሎን አታቁሙ።

ባሕር ዛፍ በቀጥታ መሬት ውስጥ አትትከሉ። አንድ አሮጌ ምሰሶ ነቅለን ነበር፤ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ የነበረው ጫፍ እንደ አዲስ ጠንካራ ነው፣ መሬትና አየር የሚገናኙበት ቦታ ላይ ግን ካቻቢቴዬ እስከ እጀታው ገባ። እንጨቱን የሚጨርሰው እዚያ መስመር ላይ የሚፈራረቀው እርጥበትና አየር ነው። ስለዚህ ከታች ኮንክሪትና ብረት፣ እንጨቱ ከዚያ በላይ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የለመዳችሁ ደግሞ እባካችሁ ተዉ! ዝናብ አጥቦ የሚወስደው ዳክዬዋ ወደምትዋኝበት ውኃ ነው። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብረትም ቦታው ላይ አትበይዱ፤ ዚንኩ ይቃጠልና ዝገት የሚጀምረው ከብየዳው ነው።

ቁመት አታብዙ። ሜዳ ላይ አራት አምስት ሜትር ይበቃል።

ተመራቂ ልጆች ስሌቱን ጥሩ አድርገው ይሠራሉ፣ እወዳቸዋለሁ፤ ግን ፀሐይዋን ይረሳሉ። ወፍ የሚታየው በማለዳ ስለሆነ ማማው ከረግረጉ በስተምሥራቅ ይሁን፤ ያኔ ብርሃኑ ከጀርባ ይመጣል። ደረጃውን በደንገል ወይም በፊላ ምንጣፍ ሸፍኑት፤ ሰው ሰማይ ላይ ጥላው ጎልቶ ሲወጣ ሽመላዋ ቀድማ ታያለችና ትነሳለች። የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ጣራም፣ ሲረገጥ የሚጮህ የላሜራ ወለልም አይሆንም፤ ሣር ክዳንና የሳንቃ ወለል ይሻላል። ሰያፍ ማሰሪያም አይቅር፤ ማማው ከተወዛወዘ በባይነኩላር ምንም አይታይም። መመልከቻውን መስኮት ለልጅ ቁመትም ክፈቱ። ተማሪዎች ደግሞ «ያቻት!» ሲባል ሁሉም ወደ አንድ ጎን ነው የሚሮጡት፤ ወለሉን በካሬ ሜትር 500 ኪሎ እንዲሸከም፣ መደገፊያውን 1.10 ሜትር አድርጉት። ለመብረቅ መከላከያ ገንዘብ አትቆጥቡ።

አጥር አትጠሩ። ጨፋን በበጋ የአፋር አርብቶ አደሮችም ከብቶቻቸውን ይዘው ይመጡበታል፤ መተላለፊያቸውን የዘጋ ማማ ጠባቂ አያገኝም።

የቀረው ጊዜው ነው። ለእኛ ሥራ የሚመቸው በጋ ነው፤ ከአውሮፓ የሚመጡት ወፎች እዚህ የሚከርሙትም በጋውን ነው፣ በግምት ከመስከረም እስከ መጋቢት። በልግ ከመጣ ደግሞ ጭቃው አያስገባም። ስለዚህ ወርክሾፑን ሥራ አስቀድሜ እጨርስና ቦታው ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ ላለመቆየት እሞክራለሁ፤ በማለዳና በምሽት መዶሻ አላነሳም። ያንን የከሚሴ መስመር ገረጋንቲ በተከታዩ ዓመት ሦስት ቦታ ላይ ቆርጠን አነሳነው። ውኃው በዚያው ከሰዓት አለፈ። ፊላው ክረምት ላይ ከሥሩ ማቆጥቆጥ ጀምሯል፤ ወፎቹ ግን እስካሁን ጥቂት ናቸው።