የቆዳ ሶፋችሁ ምን ሆኖ ነው? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

የቆዳ ሶፋ ትንሽ መልኩ ሲቀየር ብዙ ሰው "ደርቋል፣ ቅባት ይፈልጋል" ይላል። ከዚያ የወይራ ዘይት ወይም ቫዝሊን ይቀባል፣ አንዳንዱም የጫማ ቀለም። ለጥቂት ቀን ያብረቀርቃል። ቀጥሎ አቧራ መያዝ ይጀምራል፣ ይጠቁራል፣ የተቀመጠበትን ሰው ልብስ ያበላሻል። አብዛኛው የሶፋ ቆዳ ግን ቅባት አልጠማውም። ወይ ቆሽሿል፣ ወይ ላዩ ላይ ያለው ቀለም ተጎድቷል። ሁለቱም በቅባት አይድኑም። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመቀባታችሁ በፊት ቆዳው ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ።

መጀመሪያ አንድ ጠብታ ውሃ

ከሶፋው ጀርባ ወይም ከትራሱ ስር፣ ዓይን በማያርፍበት ቦታ፣ አንድ ጠብታ ንጹህ ውሃ አድርጉና ትንሽ ጠብቁ። ጠብታው ክብ ብሎ ከላይ ከተቀመጠ ቆዳው በቀለምና በመከላከያ ሽፋን የታሸገ ነው። በየቤቱ ያለው አብዛኛው ሶፋ ይሄ ነው። ሲያዙትም አያስቸግርም። ጠብታው ወደ ውስጥ ገብቶ ቦታውን ካጠቆረው ደግሞ አኒሊን የሚባለው፣ ሽፋን የሌለው ቆዳ ነው። የነካውን ሁሉ ስለሚመጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ላዩ ጸጉራማ ሆኖ የሚለሰልሰው ኑባክና ስዊድ ከውሃ ጋር ስለማይስማማ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጸዳል።

ከዚህ በታች የተጻፈውን ማንኛውንም ነገር ስትሞክሩም እንደዚሁ ከማይታይ ቦታ ጀምሩ።

ራስና ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሯል፣ ያጣብቃል

ይሄ ከሁሉም በላይ የተለመደው ነው፣ ከሁሉም በላይ በስህተት የሚታከመውም ይሄው ነው። ምክንያቱ ላብ፣ የሰውነት ወዝና የጸጉር ቅባት ነው። ወዙ ቀስ በቀስ መከላከያ ሽፋኑን ያለሰልሰዋል። ለረጅም ጊዜ ካልተጸዳ ቀለሙ ራሱ መነሳት ይጀምራል። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ተጨማሪ ቅባት ማድረግ ችግሩን ማባባስ ነው።

በጥፍራችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ጫር አድርጉት። ጥፍሩ ስር ቡናማ ጭቃ መሰል ነገር ከሰበሰበ እድፍ ነው፣ ይለቃል። የሶፋው ቀለም ራሱ እየተቀረፈ ከመጣ ግን ሽፋኑ አልቋል። ያኔ ማሸት አቁሙ። ስለ ስንጥቅ ወደተጻፈው ክፍል እለፉ።

ለጽዳቱ የቆዳ ማጽጃ ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። በስፖንጅ አረፋ አውጡለት። ሶፋው ላይ የሚያርፈው አረፋው ብቻ ይሁን፣ ውሃው አይንጠባጠብ። ከስፌት እስከ ስፌት አንድ አንድ ክፍል እየያዛችሁ በቀስታ አሹ። ወዲያው በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥረጉ፣ በደረቅ ድገሙት። ጨርቁ ነጭ ይሁን የምለው ሥራው የት እንደደረሰ የሚነግራችሁ እሱ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ቢጫ ወደ ቡናማ ይመጣል፣ ቀጥሎ ይነጣል። የሶፋው ቀለም ጨርቁ ላይ ከታየ በቃ፣ እዚያው አቁሙ።

በረኪና፣ አሞኒያና የልብስ ዱቄት ሳሙና አታስጠጉ። ቆዳ በተፈጥሮው ትንሽ አሲዳማ ነው። እነዚህ ደግሞ ተቃራኒው ስለሆኑ ሽፋኑንም ቆዳውንም ይጎዳሉ። ለልጆች መጥረጊያ የተሠራ ዋይፕስም የሶፋ ማጽጃ አይደለም።

አኒሊን ከሆነ ወዙ ውስጥ ድረስ ዘልቋል። ቤት ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ብዙ ከማሸት ለባለሙያ መስጠት ይሻላል። ሽፋን ያለው ቆዳ ግን በየሁለት ሳምንቱ እነዚህን ቦታዎች በለሰለሰ እርጥብ ጨርቅ ቢጠረግ ወዙ አይከመርም።

ቀለሙ ደብዝዟል፣ ተሰነጣጥቋል

የመስኮት ፀሐይና ከማሞቂያ የሚመጣ ሙቀት ዋናዎቹ ተጠያቂዎች ናቸው። ሶፋውን ከቀጥታ ፀሐይ አውጡት፣ ከማሞቂያም ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር አርቁት። ይሄ ካልተደረገ ጥገናው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

የቆዳ ክሬም ስንጥቅን ለጊዜው ያደበዝዘው ይሆናል እንጂ አይዘጋውም። ስንጥቁ የሚዘጋው በቆዳ ፊለር፣ ማለትም ስንጥቅ በሚሞላ ሊጥ መሰል ነገር ነው። ቦታውን አጽዱ፣ በጥቂት አልኮል በረጠበ ጨርቅ ወዙን አንሱ፣ በ400 ወይም በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በስሱ አለስልሱ። ፊለሩን በአሮጌ ፕላስቲክ ካርድ በጣም ስስ አድርጋችሁ ወደ ስንጥቁ ግፉት። ይድረቅ። ድገሙት። አንድ ወፍራም ሽፋን ሰው ሲቀመጥበት ተመልሶ ይሰነጠቃል፣ ሦስት አራት ስስ ሽፋን ግን አብሮ ይተጣጠፋል። ሲደርቅ በወረቀቱ አስተካክሉና የቆዳ ቀለሙን በስፖንጅ መታ መታ እያደረጋችሁ ቀቡ። እዚህም ስስ ስሱን ነው። መጨረሻ ላይ መከላከያ ሽፋኑ ይደረግበታል። እሱን ከዘለላችሁት ቀለሙ ልብስ ላይ ይወጣል።

የእንጨት ማወልወያ ስፕሬይ ስትነፉበት ከኖራችሁ አንድ እንቅፋት ይጠብቃችኋል። ብዙዎቹ ሲሊኮን አላቸው። ሲሊኮን ባለበት ቀለም አይይዝም፣ ነጠብጣብ እየሠራ ይሸሻል። ስለዚህ ወዝ የማንሳቱን ሥራ ደጋግሙት።

እየተላጠ ነው

ላዩ እንደ ስስ ፕላስቲክ እየተቀረፈ ከስሩ ጨርቅ ከታየ፣ ያዘንኩበትን እውነት ልንገራችሁ፦ ሙሉ ቆዳ አይደለም። ወይ ሰው ሠራሽ ነው፣ ወይ የተፈጨ የቆዳ ቁርጥራጭ ተጣብቆ ከላይ ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ የተለበጠበት ነው። ይህ ፖሊዩሬቴን ከጊዜ፣ ከእርጥበትና ከሙቀት የተነሳ ይበሰብሳል። አንዴ መላጥ ከጀመረ የሚመልሰው ክሬም የለም። ገንዘባችሁን ለቅባት አታውጡ። ልብስ አልብሱት ወይም አዲስ ሽፋን አሰፉለት።

ተቀድዷል

ብዙ ሰው ቀዳዳውን ከላይ በሱፐር ግሉ ይዘጋዋል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፣ ቆዳው ሲታጠፍ ጠርዙ ላይ እንደገና ይቀደዳል። ጥገናው የሚጀምረው ከውስጥ ነው።

ከቀዳዳው በየአቅጣጫው አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ጠንካራ ጨርቅ ቁረጡ፣ ማዕዘኖቹን ክብ አድርጉ። በወረንጦ ይዛችሁ በቀዳዳው በኩል አስገቡና ከቆዳው ስር ዘርጉት። ማዕዘኑ ከታጠፈ ከላይ እብጠት ሆኖ ይታያል። በጣታችሁ እየዳበሳችሁ አረጋግጡ። ከዚያ የቆዳውን ጠርዝ ትንሽ ቀና አድርጋችሁ፣ ሲደርቅም የሚተጣጠፍ የቆዳ ወይም የጨርቅ ማጣበቂያ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ከስሩ ቀቡ። ሁለቱን ጠርዞች አገናኙ፣ አታደራርቧቸው። የተረፈውን ማጣበቂያ ወዲያው ጥረጉ። ላዩን በማይጣበቅ ወረቀት ሸፍናችሁ መጽሐፍ ጫኑበትና እስኪደርቅ አትንኩት። የቀረውን መስመር ልክ እንደ ስንጥቁ በፊለርና በቀለም ጨርሱት። የድመት ጥፍር ያነሳው ክር መሰል ነገር ካለ አትጎትቱት፣ በትንሽ መቀስ ከስሩ ቁረጡት።

ነገር ሲፈስና ሲነካ

ዘይት ከፈሰሰ ውሃ አታድርጉ። በደረቅ ጨርቅ አንሱ፣ የሕፃናት ፓውደር ወይም የበቆሎ ስታርች ነስንሱና አሳድሩት፣ ጠዋት በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። አኒሊን ላይ ውሃ ክብ ምልክት ከተወ ክቡን ብቻ ማሸት ሌላ ክብ ይወልዳል። በረጠበ ስፖንጅ ያንን ክፍል ሙሉውን፣ ከስፌት እስከ ስፌት፣ እኩል አርጥባችሁ በራሱ ጊዜ ይድረቅ። በፀጉር ማድረቂያ አታቻኩሉት።

እስክሪብቶ ከባድ ነው። ገና ትኩስ ሳለ በደረቅ ጥጥ መምጠጥ ይቻላል። ከደረቀ በኋላ በአልኮል ማሸት ቀለሙን ከነሽፋኑ ሊያነሳው ይችላል፣ እኔ አልመክርም። የጂንስ ሰማያዊም ቶሎ ከተደረሰበት በሳሙና አረፋው ይለቃል፣ ከቆየ አይወጣም።

ሻጋታ ካያችሁ ሶፋው ውጭ መውጣት ከቻለ ይውጣ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በደረቅ ብሩሽ አራግፉት። ቆዳው ሽፋን ያለው ከሆነ እኩል በእኩል በተቀላቀለ ውሃና አልኮል ጨርቅ አርጥባችሁ ጥረጉ። ክፍሉ እርጥበቱ ካልወጣለትና አየር ካላገኘ ግን ሻጋታው ይመለሳል።

መቀመጫው ተጨማዷል፣ ገብቷል

ይሄ ብዙ ጊዜ የቆዳው ጥፋት አይደለም። ቆዳ በተፈጥሮው ይለጠጣል። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ሲያልቅ የተለጠጠው ቆዳ የሚይዘው ያጣና ይጨማደዳል። የመቀመጫው ዚፕ ከተከፈተ ስፖንጁን አውጥታችሁ በእጃችሁ ጫኑት። ቶሎ ካልተመለሰ በዚያው መጠን በጠንካራ ስፖንጅ ይቀየር። ደህና ከሆነ ዙሪያውን የፖሊስተር ጥጥ ማልበስ ብቻ ቆዳውን መልሶ ይወጥረዋል። ስፖንጁ ደህና ሆኖ ሰው ሲቀመጥ አሁንም ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ሶፋውን ገልብጣችሁ ከስር ያለውን ስስ ጨርቅ ክፈቱ። የተፈታ ሞላ ወይም መቀመጫውን ከስር የሚይዝ የላላ ቀበቶ ታገኛላችሁ። ቀበቶውን ወጥሮ እንደገና መምታት እቤት ውስጥ ይቻላል፣ የተሰበረ ሞላ ግን ለሶፋ ሠሪ ይሰጥ።